የቲማቲም አፈርና ሁለት ጾሞች

ጡረታ ወጣሁ ብል ሰው ይስቅብኛል። ጡረታ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ የሠራሁበት መሽተልም ዛሬ አጥሩ ፈርሶ፣ ፓምፑ ተነቅሎ ባዶ ሜዳ ሆኗል። መሽተል የሚሉት ካርቱሞች ችግኝ የሚፈላበትን ቦታ ነው። እኔ እዚያ ዓባይ ዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ አፈር ሳገላብጥ ኖሬ አሁን ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንዲት ክፍል፣ በር ላይ በደረደርኳቸው አሥራ ሁለት የዘይት ጣሳዎች መካከል ተቀምጫለሁ። ሥራ አቆምኩ የምለው እንግዲህ ይኼን ነው።

ሰው ግን አልተወኝም። ከጦርነቱ ወዲህ ትኩስ አፈር ከወንዝ ዳር የሚያመጡት መኪናዎች ጠፍተዋል። የተመለሰው ጎረቤት ሁሉ ጣራው ላይ፣ በሩ ላይ፣ ባገኘው ዕቃ ቲማቲም ተክሎ ነበር፤ ቲማቲሙ አልቆ ግንዱ ሲደርቅ ወደ እኔ ይመጣል። "ጋሽ ታደለ፣ አፈሩን ልድፋው ወይስ ሌላ ልዝራበት?" ይለኛል። መልሱ አጭር ነው፤ አይደፋም። እንዴት እንደማይደፋ ለመናገር ግን ያስተማሩኝን ሰውዬ ማንሳት ይኖርብኛል፤ እሳቸውን ካነሳሁ ደግሞ የዋሸሁትን ውሸት መዝለል አልችልም። ዕድሜዬም ለመዝለል አይመችም።

በገዳሪፍ በኩል ሱዳን ስገባ የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ካላክላ ከአምስት ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ጧት ጧት ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥዬ አርካዊት እሄድ ነበር። እዚያ የአንድ ሀብታም ግቢ አበባ አጠጣለሁ። አበባውን አጠጣሁ ከማለት አሰጠምኩት ብል ይቀላል። የግቢው እመቤት አንድ ቀን የበሰበሱ ጽጌረዳዎቿን አሳይታ አሰናበተችኝ። የመኖሪያ ወረቀቴም ገና አልተስተካከለም ነበርና ሥራ እንደ ልብ አይገኝም። እንዲያው ሳዘግም ወንዙ ዳር ደርሼ መሽተሉ ውስጥ ጥላ ፍለጋ ገባሁ። ዓም ኡስማንን፣ ዓም አጎት እንደማለት ነው፣ ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ዓም ኡስማን የመሽተሉ ዋና ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤቱ በሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ ይጮሃል፤ እሳቸው እሺ እሺ እንደማለት "ታማም፣ ታማም" ይሉና እሱ ሲሄድ የራሳቸውን ይሠራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሰሜን በኩል ወንዝ ዳር ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። የአፈር ክምር ላይ ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "ቤት ስትገባ ታወልቅ የለ?" አሉኝ። የጀላቢያቸው ኪስ ውስጥ የተቆለመመች የሻይ ማንኪያ አለች። ማንም በሌለበት ለችግኞቹ ሰላምታ ሲሰጡ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሰው ሲመጣ ግን ይሰድቧቸዋል፤ ቡዳ እንዳይበላቸው መሰለኝ።

ክረምት ይሉታል እነሱ እኛ በጋ የምንለውን። ያን ጊዜ ካርቱም ትቀዘቅዛለች፤ መሽተሉም ቲማቲም በጣሳ አሳድጎ ይሸጣል። ሙቀቱ ሲመለስ ቲማቲሙ ያልቃል፤ ያኔ የዓም ኡስማን እውነተኛ ሥራ ይጀመራል። እያንዳንዱን ግንድ ከነሥሩ ይነቅሉና ሥሩን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። ሥሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ካለ ትል ገብቶበታል፤ ያ አፈር ለብቻው ይቀመጣል። ግንዱን በቢላ ይሰነጥቁታል፤ ውስጡ ከቡናማ መስመር ንጹሕ ከሆነ "ጤነኛ ነው የሞተው" ይላሉ። የታመመውን አፈር ውሃ አርሰው፣ ስስ አድርገው ዘርግተው፣ በላስቲክ ሸፍነው ለካርቱም ፀሐይ ይሰጡታል። ያ ፀሐይ ትል አይደለም እኛንም ሊጨርሰን ምንም አልቀረው።

ጤነኛው አፈር ይበጠራል፤ ሥሩ ሁሉ ይለቀማል፤ ከወንዙ ዳር የመጣ ደለልና ሽታው የጠፋ አሮጌ ፍግ ይጨመርበታል። ከዚያ ወዲያ ቲማቲም በነበረበት ቲማቲም አይተከልም፤ ቃሪያም ድንችም ደበርጃንም አይተከልም። "የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እሷ የታመመችበት አልጋ ላይ ወንድሞቿን አታስተኛ" ይላሉ ዓም ኡስማን። ለወጥ የሚሆን ሙሉክያ ወይም ሌላ ቅጠላ ቅጠል ይከተላል፤ ሥሩ ንጹሕ ከሆነ ባሚያም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን መቅመስ አለ። ቲማቲም ማዳበሪያና ውሃ አብዝቶ ይወዳል፤ በጣሳ ውስጥ ያ ሁሉ ማዳበሪያ፣ በተለይ ውሃው የጉድጓድ ከሆነ፣ ጨው ሆኖ ይቀራል። ቲማቲም ይችለዋል። ተከትሎት የሚመጣው ባሚያ ግን አይችለውም። ስለዚህ ዓም ኡስማን በዚያች ማንኪያ ከክምሩ ሆድ ውስጥ ይዝቁና የጣት ጫፍ የምታህል አፈር ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ትንሽ ይቆያሉ። ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጠው ይተፉና አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ወይ "ሒሉ" ነው፣ ጣፋጭ፤ ወይ "ማሊሕ" ነው፣ ጨዋማ። (ዛሬ ሐኪም የሆነው የእህቴ ልጅ ይኼን ስነግረው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እውነቱን ነው፣ እናንተ አትቅመሱ፤ እኛም ሆዳችንን ብዙ ጊዜ ታመናል።)

አፈሩ የሚቀመስበት ወቅት በዚያ ዘመን ከረመዳን ጋር ይገናኝ ነበር። ዓም ኡስማን ጾመኛ ናቸው፤ ከንጋት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም። ስለዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ማንኪያዋን ለእኔ ሰጡኝ። "ያ ታዲላ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፣ ቅመስልኝ" አሉ። እኔም ቀመስኩ፤ ማታ እሳቸው ካፈጠሩ በኋላ ያንኑ ቀምሰው አረጋገጡ። ልክ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት ማረጋገጡን ተውት። በሦስተኛው ለባለቤቱ፣ "የዚህ ሐበሺ ምላስ ከእኔ ይበልጣል" ሲሉ ሰማኋቸው። ዲቁና ስቀበል እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሦስት ረመዳኖች የዋሉት ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። ዓም ኡስማን ስለ እኛ ጾም የሚያውቁት ሥጋ መተዋችንን ብቻ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ እንደማንቀምስ አልነገርኳቸውም፤ ለመንገር አጋጣሚ አልነበረም። ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በአራተኛው ዓመት መጥቶ ሁዳዴ ውስጥ ገባ።

ዘይነባ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አርካዊት አንድ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች። ዴም ያለች አንዲት ዘመዷ የቤቷን ጣራ ለቀቀችላት፤ ዘይነባም አርባ የዘይት ጣሳ ለቅማ፣ ቀዳዳ በስታ አዘጋጀች። ባሚያ ዘርታ ለሰፈሩ ምግብ ቤቶች ልትሸጥ ነው። "ጋሽ ታደለ፣ ከዚህ ወዲያ የሰው ሽንት ቤት አላጥብም፣ ወላሂ" አለችኝ። አዲስ አፈር የምትገዛበት ስለሌላት ዓም ኡስማን ያገለገለውን የቲማቲም አፈር በነጻ እሰጥሻለሁ አሏት።

ቀኑ ደርሶ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ መጣች፤ አህያዋም ባለ ካሮውም ፀሐይ ላይ ቆሙ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። እመቤቷ የሰጠቻት ፈቃድ እስከ ቀትር ብቻ ነበር። ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ፣ በዚያ ክረምት የወንዙ ፓምፕ ተበላሽቶ ከፊሉን ቲማቲም የጉድጓድ ውሃ አጠጥተነዋል፤ የትኛው ክምር ከየትኛው እንደመጣ ደግሞ ተምታቶብናል። ዓም ኡስማን ማንኪያዋን ሰጡኝና፣ "ያላ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ቅመስና ንገረን" ብለው ከባለ ካሮው ጋር ሂሳብ ሊነጋገሩ ወደ በሩ ሄዱ።

ማንኪያዋን ይዤ ቆምኩ። ጾመኛ ነኝ ልል ይገባኝ ነበር። ግን ሁሉም እየጠበቀኝ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ላውጣው፣ ያቺ ማንኪያ ወደ ሌላ ሰው እንዳትሄድ ፈራሁ። ከእኔ ሌላ ሁለት ሠራተኞች ነበሩና። ጾሙን ልሽር ብልም ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። አፈሩን በእጄ አሸት አሸት አደረግሁት፣ አሸተትኩት፤ ደህና መሰለኝ። ፊቴን እንደ እሳቸው ወደ ወንዙ አዙሬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ "ሒሉ!" ብዬ ጮህኩ። ተጉመጥምጬ እንኳ ተፋሁ፤ ለማስመሰል።

አፈሩ ሄደ። ዘይነባ በሳምንቱ አርካዊት ያለውን ሥራዋን ተሰናበተች።

ወር ሳይሞላ አንድ ከሰዓት መሽተሉ በር ላይ ቆማ አየኋት። በእጇ አንድ ቡቃያ ይዛለች፤ የቅጠሉ ዳር ዳሩ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። "አርባውም እንዲህ ሆነ" አለች። "ጧት ማታ አጠጣሁ። ምናልባት እጄ ጥሩ አይደለም፣ ጋሽ ታደለ።" እጇን እያየች ነበር የምትናገረው። እኔ ምንም አላልኩም። ይኼ ከውሸቱ ይብሳል፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ዓም ኡስማን ቅጠሉን አዩት፣ ጫማቸውን አጠለቁና "እንሂድ" አሉ። የሰባ ዓመት ሰው፣ በረመዳን መጨረሻ፣ በዚያ ሙቀት፣ ዴም ድረስ ሄዱ። የጣራው ደረጃ አሥራ አራት ነው፤ ሁለት ቦታ ዐረፉ። ጣራው ላይ አርባ ጣሳ በአራት ረድፍ ተደርድሮ፣ ሁሉም የተቃጠለ ቡቃያ ይዞ ቆሟል። ዓም ኡስማን አንዱ ጣሳ ሥር ተቀመጡ። መግሪብ እስኪባል ጠበቅን። ዘይነባ ቴምርና ሐሉ ሙር የሚሉትን የረመዳን መጠጥ አቀረበች። እሳቸው አንዲት ቴምር በልተው፣ መጠጡን ግን ገፋ አድርገው አፋቸውን በውሃ አጠቡ። ከዚያ ማንኪያቸውን አውጥተው ቀመሱ። የተፉት አፈር ወለሉን ሳይነካ መልሱን ከፊታቸው አነበብኩት።

"ማሊሕ" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ቀምሰህ ነበር?"

"አልቀመስኩም" አልኩ። "ጾመኛ ነበርኩ።"

ዘይነባ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ጾመኛ ሆነህ ዋሸህ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ አያስፈልግምም ነበር።

ዓም ኡስማን ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "ያ ወለዲ" አሉ፣ "የእኔ ጾም እስከ መግሪብ ነው። ያንተ እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እስከ ዘጠኝ።"

"ታዲያ ከእኔ ቀድመህ የምትፈታው አንተ ነህ! ብትነግረኝ እስከ ዘጠኝ እንጠብቅ ነበር። እመቤቷን ሄጄ እኔ እለምናት ነበር። አህያዋም ጥላ ታገኝ ነበር። አፈር ወዴት ይሄዳል?"

ያን ዕለት አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

መፍትሔውን ያሳዩኝ በማግስቱ ነው። ጣሳዎቹን አዘንብዬ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ በወንዝ ውሃ አጠብኩ፤ ውሃው ከሥር እስኪንጠባጠብ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዐርፎ፣ እንደገና። ለአርባ ጣሳ የሚሆነውን ውሃ ከሥራ ስወጣ በባልዲ እየያዝኩ በዚያ ደረጃ አወጣው ነበር። ታጥቦም ባሚያ አልተዘራበትም። ሪጅላ ዘራንበት። ሪጅላ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ወፍራም ቅጠላ ቅጠል ነው፤ እኛ አገር አረም ብለን የምንነቅለው፣ ሱዳኖች ግን ወጥ የሚሠሩት። ጨው አይፈራም፤ እንዲያውም ጨውን ይጠጣል። አጭደህ ስትወስደው ጨውን ይዞልህ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ካጨድነው በኋላ ዓም ኡስማን ቀምሰው "ሒሉ" አሉ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ዘይነባ ጣራው ላይ አልነበረችም። የሙቀቱን ወራት ሁሉ ወደ አርካዊት ተመልሳ አላጥብም ያለችውን ሽንት ቤት ስታጥብ ቆየች። ሪጅላውን እየሸጥኩ ገንዘቡን ለዘመዷ እሰጥ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል ተመለሰች፤ የመጀመሪያ ባሚያዋንም ሸጠች። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት አልሠራችም፤ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጣራ ነው።

እኔም በመሽተሉ ቆየሁ። ባለቤቱ ሞቶ ልጁ ተካው፤ ልጁ ሸጦት ሌላ መጣ፤ እያንዳንዱ አለቃ ለጌጥ ዛፍ አዲስ ሐሳብ ነበረው። ወረቀቴን በየዓመቱ አሳደስኩ። ዓም ኡስማን ሲደክሙ ማንኪያዋን ሰጡኝ፣ "አሁን ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር እንዳለ አውቀሃል" ብለው። ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። የከተማው ሐበሻ ሁሉ አፈሩን ያስቀምሰኝ ነበር፤ ከዘይነባ በስተቀር። ሰላምታችን ደህና ነው፣ ልጆቿን ድሬያለሁ፣ በበዓሏ በልቻለሁ። አፈር ግን አምጥታ አታውቅም። ዓም ኡስማን እስካሉ ለእሳቸው ታሳይ ነበር፤ ከሳቸው በኋላ ሳታስቀምስ ዝም ብላ ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች። እኔም ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁና።

ጦርነቱ ሲመጣ ተበታተንን። እኔ ገዳሪፍ፣ እሷ ወደ መደኒ በኩል። ስንመለስ መሽተሉ የለም፤ የእሷ ጣራ ግን አለ፣ ጣሳዎቹም ዝገው አሉ። ዘንድሮ እሷም እንደ ሁሉም ሰው ቲማቲም አወጣች። ዘንድሮ ደግሞ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ረመዳን ዞሮ ዞሮ ሁዳዴ ላይ ወደቀ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ዘይነባ በሬ ላይ ቆመች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር አውጥታ ዘረጋችልኝ።

"ጋሽ ታደለ፣ ይችን ቅመስልኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ።"

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር እጄ ላይ ነው፤ ማንኪያዋም መስኮቱ ላይ ነበረች።

"እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ዘይነባ" አልኳት። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቀምሰዋለሁ።"

"እቆያለሁ" አለችና አንድ ጣሳ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

ሦስት ሰዓት ጠበቅን። እሷ ከጣሳዎቼ የደረቀ ሥር እየለቀመች፣ እኔ ግንድ እየሰነጠቅሁ፣ ዓም ኡስማን ችግኞቹን እንዴት ይሰድቡ እንደነበር እያስታወስን ሳቅን። በመሀል ዙህር ሰገደች፤ እኔም ዳዊቴን ደገምኩ። ዘጠኝ ሲሆን አፌን አጥቤ በማንኪያዋ ቀመስኩ። ከዴም ወንዙ አይታይም፤ ቢሆንም ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ።

"ማሊሕ" አልኩ። "የጉድጓድ ውሃ ነው ያጠጣሽው። ባሚያ አትዝሪበት። ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ ከዚያ ሪጅላ።"

ዘይነባ የለበሰችውን ቶብ፣ የሱዳኖቹን ረጅም ነጠላ፣ ጫፉን ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ ጥቁር፣ ደቃቅ የሪጅላ ዘር ነበር።

"ዛሬ ሱሁር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እኔው ቀምሼዋለሁ" አለች።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ሰዓት ለምን አስቀመጥሽኝ?"

"አፈሩን ላስቀምስ መች መጣሁ፣ ጋሽ ታደለ።" ዘሩን ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሰችው። "በል ተነሣ። ውሃ የምታወጣው አንተ ነህ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።"

ባልዲዬን አንሥቼ ተከተልኳት። ደረጃው ዱሮ አሥራ አራት ነበር፤ አሁን የጨመሩበት ይመስለኛል።